ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል ካለ ምን ይገዛል? የሪፒተር፣ የሜሽ፣ የፓወርላይንና የኬብል ንጽጽር

ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሁለት ግድግዳ አልፋችሁ ስትገቡ ግን ቪዲዮው ይቆማል፤ ስብሰባ ላይ ከሆናችሁ ድምፃችሁ ይቆራረጣል። ያኔ መፍትሔ ፍለጋ ይጀመራል። ፍለጋው ራሱ ያደክማል። ሪፒተር፣ ኤክስቴንደር፣ ሜሽ፣ ፓወርላይን፣ አክሰስ ፖይንት፣ ዋይፋይ 6፣ ዋይፋይ 7። ካርቶኑ ሁሉ «ቤትዎን በሙሉ ይሸፍናል» ይላል። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል።

እዚህ ብራንድ አላወዳድርም። የማወዳድረው ዘዴዎቹን ነው። ዘዴው ለቤቱ የማይሆን ከሆነ የትኛውም ብራንድ አያድነውም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ ሁሉ፣ ማለትም ቴሌቪዥን፣ ዴስክቶፕ፣ የጌም ኮንሶል፣ በተቻለ መጠን ኬብል ይሰካለት። ዋይፋዩ በእጅ ለሚዞሩት ይተው። ይህን ብቻ ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ ሳይገዛ ይቀራል።

## መጀመሪያ መለካት

አንድ ላፕቶፕ በኔትወርክ ኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ እያየ ወይም ፋይል እያወረደ እንዳይሆን አረጋግጡና በፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ለኩ። ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ኬብሉን ነቅላችሁ እዚያው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ለኩ። በመጨረሻ ችግር ያለበት ክፍል ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ለኩ። አሁን ሦስት ቁጥር አላችሁ።

በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ወይም ሞደሙ (መስመሩን ቤት ውስጥ የሚቀበለው ዕቃ) ላይ ነው። ሪፒተር የሌለ ፍጥነት አይፈጥርም። አገልግሎት ሰጪያችሁ ጋ ደውሉና በኬብል የለካችሁትን ቁጥር ንገሯቸው። ይህ ቁጥር እጃችሁ ላይ ካለ «የዋይፋይዎ ችግር ይሆናል» የሚለው መልስ ቦታ የለውም።

በኬብል ጥሩ ሆኖ ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ከወደቀ፣ ራውተሩ አርጅቷል፣ ወይም ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚያልፍበት የሬድዮ መተላለፊያ) ተጨናንቋል፣ ወይም ላፕቶፑ ራሱ ነው ችግሩ። በሌላ ስልክ ሞክሩት። ስልኩ ላይ ጥሩ ከሆነ የላፕቶፑን የዋይፋይ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አድሱ። ካልሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አስማሚ ይበቃችኋል። ለአንድ ላፕቶፕ ብላችሁ የቤቱን ኔትወርክ አትቀይሩ።

ራውተሩ አጠገብ ጥሩ፣ ክፍሉ ውስጥ መጥፎ ከሆነ ግን ችግሩ የርቀትና የግድግዳ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። አገልግሎት ሰጪዎች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው። ለ100 ሜጋቢት ከፍላችሁ 12 ሜጋባይት ብታዩ ማንም አላጭበረበራችሁም።

ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልጋችሁም ዕወቁ። ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሳይዋዥቅ 30 ሜጋቢት ካገኛችሁ ለአንድ ቴሌቪዥንና ለጥቂት ስልኮች ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው 5400 የሚል ቁጥር ለዚያ ክፍል የሚጨምረው ነገር የለም።

የሲግናሉን ጥንካሬ ማየት ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ነፃ የዋይፋይ መለኪያ አፖች አሉ። ማክ ላይ ኦፕሽን ቁልፉን ይዛችሁ የዋይፋይ ምልክቱን ጠቅ ስታደርጉ ቁጥሩ ይወጣል። የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል። -50 በጣም ጥሩ ነው። እስከ -67 ድረስ የቪዲዮ ስብሰባ ያለችግር ይሄዳል። -70ን ሲያልፍ መንቀራፈፍ ይጀምራል። -80 ላይ ስልኩ «ተገናኝቷል» ይላችሁ ይሆናል እንጂ ሥራ አይሠራም።

## ገንዘብ ሳይወጣ የሚሞከር

ራውተሩ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ መስመሩ በገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ወለል ላይ ነው። ሦስቱም መጥፎ ቦታ ናቸው። ወደ ቤቱ መሃል አምጡት። ከፍ አድርጋችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ከብረት ቁም ሳጥን፣ ከትልቅ መስታወት፣ ከዓሣ ገንዳና ከፍሪጅ አርቁት። ብረትና ውኃ የሬድዮ ሞገድን ክፉኛ ያዳክማሉ፤ ብረት የገባበት ኮንክሪትም እንዲሁ። ጂፕሰም ግን ብዙም አያግድም። ረዘም ያለ የኔትወርክ ኬብል ገዝቶ ራውተሩን አምስት ሜትር ማዛወር ከሁሉም ግዢ የረከሰ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ በዚህ ብቻ ይድናል።

አንቴና ካለው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ቀጥ ያለ አንቴና ሞገዱን የሚበትነው ወደ ጎን ነው። ፎቅ ላይ መድረስ ካለበት አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን ጋደም አድርጋችሁ ሞክሩ።

ቀጥሎ ባንዱን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሬድዮ ድግግሞሽ፣ ተመልከቱ። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይበሳል፤ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም ብሉቱዝም እዚያው አካባቢ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ሩቅ ያለው ክፍል ውስጥ ስልካችሁ 5 ላይ ሙጥኝ ብሎ የሚቸገር ከሆነ 2.4ን ሞክሩ። 2.4 ላይ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ከሦስቱ ጎረቤቶቻችሁ ያልተጫኑትን ምረጡ፤ የቻናሉን ስፋት ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት።

ሌላ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አለ። ዩኤስቢ 3 የሆነ ውጫዊ ሀርድ ዲስክና ገመዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሬድዮ ረብሻ ይለቃሉ። ላፕቶፑ ላይ ሀርድ ዲስክ ስትሰኩ ዋይፋዩ ወይም የብሉቱዝ ማውሱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በማስረዘሚያ ገመድ ራቅ አድርጉት፣ ወይም ዋይፋዩን ወደ 5 ቀይሩ።

## በምን እንመዝናቸው?

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ወደ ግዢ እንሂድ። የምመዝናቸው በእነዚህ ነው።

የመጀመሪያው የሚቀረው ፍጥነት ነው። ራውተሩ ላይ የነበረው ፍጥነት ሩቁ ክፍል ሲደርስ ስንት ይሆናል? ሁለተኛው መረጋጋት ነው። ለስብሰባና ለጌም ከፍጥነት በላይ ዋናው ይህ ነው። ፍጥነቱ 200 ሆኖ በየደቂቃው የሚቆራረጥ ኮኔክሽን፣ 20 ሆኖ ከማይነቃነቅ ይልቅ ያበሳጫል።

ሦስተኛው መግጠሙ ነው። የተከራየ ሰው ግድግዳ መብሳት ላይፈቀድለት ይችላል። የራሱ ቤት ያለው ደግሞ አንዴ ቢለፋ ለዓመታት ይገላገላል። አራተኛው ወጪው ነው፤ ዛሬ የሚከፈለው ብቻ ሳይሆን ነገ ሲጨመርበት የሚመጣውም። አምስተኛው ሲበላሽ ማን ያስተካክለዋል የሚለው ነው። ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አያነሳውም። ቤት ውስጥ አንድ ቴክኖሎጂ የሚያውቅ ሰው ብቻ ካለና እሱም ቀን ቀን ሥራ ላይ ከሆነ፣ ቀላሉ ዘዴ ከፈጣኑ ዘዴ ሊሻል ይችላል።

## አዲስ ራውተር

ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የርቀት ችግር አይፈታም። ለምን ቢባል፣ የራውተር የማሠራጫ ኃይል በየአገሩ በሕግ የተገደበ ነው። ውዱም ርካሹም ከዚያ ጣሪያ አያልፉም። በዚያ ላይ ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ራውተሩ ምን ቢጮህ፣ ትንሿ ስልክ መልሳ መጮህ ካልቻለች ንግግሩ ይቋረጣል። አንቴና በበዛ ቁጥር ርቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል ብላችሁ አትጠብቁ።

አዲስ ራውተር የሚያስፈልገው ሌላ ችግር ሲኖር ነው። ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዋይፋይ 4 ከሆነ፣ ወይም ዕቃው ብዙ ሆኖ ከተጨናነቀ፣ ወይም አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ካቆመ ቀይሩት። ዋይፋይ 5 እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዋይፋይ 6 በ2019፣ ዋይፋይ 7 በ2024 ነው የመጡት። ዛሬ ለአብዛኛው ቤት ዋይፋይ 6 ይበቃል። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም በደንብ ያስተናግዳል። ዋይፋይ 7 ላይ ተጨማሪ መክፈል የሚያዋጣው ስልካችሁና ላፕቶፓችሁም የሚደግፉት ከሆነና መስመራችሁ ፈጣን ከሆነ ነው።

ካርቶኑ ላይ ስላለው ቁጥር፦ «ኤኤክስ 5400» ማለት የ2.4 ባንዱ 574 እና የ5 ባንዱ 4804 ሜጋቢት ተደምረው ከፍ ተደርገው የተጻፉ ናቸው። አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። 4804ቱም ቢሆን የላብራቶሪ ጣሪያ ነው።

## ሪፒተር ወይም ኤክስቴንደር

ሁለቱም አንድ ናቸው። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የራውተሩን ሲግናል ይቀበላል፣ መልሶ ይለቃል። ርካሽ ነው፣ በአሥር ደቂቃ ይገጠማል።

ድክመቱ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ባለ አንድ ባንድ የሆነው በአንድ ሬድዮ፣ በአንድ ቻናል ነው የሚቀበለውም የሚልከውም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ስለማይችል እያንዳንዱ ዳታ አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። ባለ ሁለት ባንዱ በ5 ተቀብሎ በ2.4 መልቀቅ ስለሚችል ይሻላል። ከገዛችሁ ባለ አንድ ባንዱን አትግዙ።

ዋናው ስህተት ግን ቦታው ላይ ነው። ሰው ሪፒተሩን ዋይፋይ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። እዚያ ጥሩ ሲግናል ካላገኘ ምኑን ይደግማል? መልሶ የሚሰጣችሁ ያንኑ የደከመውን ነው። ስልኩ ላይ ሙሉ ምልክት ይታያል፣ ኔቱ ግን አይንቀሳቀስም። ትክክለኛው ቦታ በራውተሩና በክፍሉ መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጠንካራ በሆነበት፣ -60 አካባቢ ላይ ነው።

ለአንድ ክፍል፣ ለስልክና ለማንበቢያ ይበቃል። ለቢሮ ስብሰባ አልመክረውም። ሁለት ሪፒተር በተከታታይ መስቀል ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

## ሜሽ

ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ዕቃዎች በአንድ ስም፣ በአንድ የይለፍ ቃል፣ እንደ አንድ ኔትወርክ ይሠራሉ። አንዱ ከሞደሙ ጋር ይያያዛል፣ ሌሎቹ ቤቱ ውስጥ ይበተናሉ። ከክፍል ክፍል ስትሄዱ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ግን ስልኩ ራሱ ነው፤ ሜሹ ይጠቁመዋል እንጂ አያስገድደውም። አንዳንድ አሮጌ ስልኮች ከሩቁ ጋር ተጣብቀው የሚቀሩት ለዚህ ነው። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ያስተካክለዋል።

ሜሽ ላይ የጥራቱ ቁልፍ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ርካሹ ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ እናንተ የምትጠቀሙበትን ያንኑ ባንድ ለራሱም ንግግር ይጠቀማል። ያው ከሪፒተር ጋር ይቀራረባል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አያያዙ የተሻለ መሆኑ ነው። ባለ ሦስት ባንዱ አንዱን ባንድ ለውስጥ ንግግሩ መመደብ ይችላል። ዋጋው የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። ከሁሉም የሚሻለው ዕቃዎቹን በኔትወርክ ኬብል ማገናኘት ነው። ስለዚህ ሜሽ ስትገዙ እያንዳንዱ ዕቃ የኬብል ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ። አንዳንድ ርካሽ ሳተላይቶች (ቤቱ ውስጥ የሚበተኑት ዕቃዎች) የላቸውም። ዛሬ ኬብል ባትዘረጉ እንኳ ነገ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ስንት ይገዛ? ለብዙ አፓርታማ ሁለት ይበቃል። ሦስቱን አንድ ላይ ሲሸጡት ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ማሠራጫ እርስ በርስ ይረባበሻል።

ሌላም የማየው ነገር አለ። አንዳንዱ ሜሽ ያለ አምራቹ አፕና አካውንት ምንም አያስነካም። አምራቹ ድጋፉን ያቆመ ቀን ምን ይሆናል? ከመግዛታችሁ በፊት በብሮውዘር ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የተለያየ ብራንድ ማደባለቅም ብዙ ጊዜ አይሠራም። ኢዚሜሽ የሚባል የጋራ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ፤ ሁሉም አምራች ግን አይደግፈውም።

## ፓወርላይን

ኢንተርኔቱን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሳልፋል። አንዱን ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ሩቁ ክፍል ትሰኩታላችሁ። ወፍራም ኮንክሪት ያለበት፣ ዋይፋይ ጨርሶ የማያልፍበትና መብሳት የማይፈቀድበት ቤት ውስጥ ትልቅ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት በምክንያት ነው። ከሁሉም ዘዴዎች ውጤቱን አስቀድሞ መገመት የማይቻለው ይህ ነው። የሽቦው ዕድሜ፣ ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው፣ እዚያው የተሰኩ ቻርጀሮችና ሞተሮች ሁሉ ይነካኩታል። ካርቶኑ 1000 ወይም 2000 ይላል፤ እናንተ የምታገኙት የዚያ ጥቂቱን ነው። አንዳንዱ ካርቶኑ ላይ 600 ተጽፎበት የኬብል ቀዳዳው ግን 100 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

ሁለት ግዴታዎች አሉት። አንደኛ፣ በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካ። ዲቫይደር፣ በተለይ የኃይል መከላከያ ያለበት፣ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ከተሰካ ማጣሪያው ሲግናሉን ይገድለዋል። ሁለተኛ፣ ስትገጥሙት የማጣመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ሽቦው ከጎረቤት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ከፋብሪካ የመጣውን የጋራ የይለፍ ቃል መተው አደገኛ ነው።

መመለስ ከሚፈቅድ ሱቅ ብቻ ግዙት።

## ኬብልና አክሰስ ፖይንት

እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ የሚገባውን ያህል ስለማይወራለት።

የኔትወርክ ኬብል ግድግዳ አያግደውም፣ ጎረቤት አይረብሸውም፣ ቻናል አይጨናነቅበትም። ካት 5ኢ የሚባለው እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋቢት ያሳልፋል። ለቤት ከበቂ በላይ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ግን ካት 6 አድርጉት፤ በአጭር ርቀት፣ እስከ 55 ሜትር ገደማ፣ 10 ጊጋቢት ያስኬዳል። ደግማችሁ ግድግዳ አትከፍቱም። ካት 7 እና ካት 8 ለሚሉት ተጨማሪ አትክፈሉ።

ስትገዙ «ሙሉ መዳብ» መሆኑን ጠይቁ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ኬብል ይሸጣል። ይሰበራል፣ ረጅም ሲሆን ያስቸግራል።

መብሳት ካልተፈቀደ በበር ሥር የሚያልፍ ጠፍጣፋ ኬብል አለ። በግድግዳው ግርጌ በፕላስቲክ መሸፈኛ ይሄዳል፤ ስትለቁ ትነቅሉታላችሁ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ግን አንድ ላይ አትጠቅልሉት። ከዋናው ቤት ውጭ ወዳለ ሌላ ቤት የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ የመዳብ ኬብል መብረቅ ሲመጣ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። እዚያ ዳታውን በብርሃን የሚያሳልፍ የፋይበር ኬብል ይሻላል።

ኬብሉ ሩቁ ክፍል ከደረሰ በኋላ ቴሌቪዥኑንና ዴስክቶፑን በቀጥታ ሰኩት። ቀዳዳ ካነሰ ስዊች የሚባል ርካሽ ማከፋፈያ አለ። ለስልኮቹ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚለቅ ዕቃ፣ ትጨምራላችሁ፤ ያንን ላትገዙትም ትችላላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የተጣለው አሮጌ ራውተር ይሠራል። እንዲህ ነው፦

1. አሮጌውን ራውተር ሪሴት አድርጉና ላፕቶፕ በኬብል አያይዙበት።
2. የራሱን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 አድርጉት፤ ዋናው ለሌላ ዕቃ እንዳይሰጠው ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን።
3. ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉ። አድራሻ የሚያድለው ዋናው ራውተር ብቻ መሆን አለበት።
4. የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ አድርጉ፤ ቻናሉን ግን ለዩ።
5. ከዋናው የመጣውን ኬብል «ላን» በሚለው ቀዳዳ ሰኩ። «ዋን» በሚለው ላይ አይደለም።

«አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ያለው ራውተር ከሆነ ያንን ብቻ ምረጡና የቀዳዳውን ነገር በመመሪያው መሠረት አድርጉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አምራቹ ትቶት የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ራውተር ከሆነ ለዚህም አይሁን።

ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ አክሰስ ፖይንት ከመረጣችሁ ፒኦኢ የሚለውን ፈልጉ። ኤሌክትሪኩም ኢንተርኔቱም በአንድ ኬብል ይሄዳል።

## በአንድ ዓይን

| ዘዴ | የሚቀረው ፍጥነት | መረጋጋት | መግጠም | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ራውተሩን ማዛወር | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ቀላል | ምንም ወይም የኬብል ዋጋ | ለሁሉም፣ መጀመሪያ |
| አዲስ ራውተር | ቅርብ ላይ ጥሩ፣ ሩቅ ላይ ያው | ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ | ራውተሩ ላረጀበት |
| ሪፒተር | ግማሽ ወይም ከዚያ በታች | ደካማ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | ለአንድ ክፍል፣ ለስልክ |
| ሜሽ፣ በዋይፋይ | መካከለኛ፤ ባለ ሦስት ባንዱ ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | ከፍተኛ | ኬብል ለማይዘረጋ ሰፊ ቤት |
| ፓወርላይን | አይገመትም | እንደ ሽቦው | በጣም ቀላል | መካከለኛ | ኮንክሪት ለበዛበት ቤት |
| ኬብልና አክሰስ ፖይንት | ሙሉ | በጣም ጥሩ | አድካሚ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ለሥራ፣ ለጌም፣ ለራስ ቤት |
| ሜሽ፣ በኬብል | ሙሉ | በጣም ጥሩ | አድካሚ | በጣም ከፍተኛ | ለትልቅና ባለ ፎቅ ቤት |

## እናንተ የቱ ጋ ናችሁ?

ተከራይ ናችሁ፣ ገንዘቡም አጭር ነው። ራውተሩን አዛውሩ። ካልበቃ ጠፍጣፋ ኬብል ዘርግታችሁ አሮጌ ራውተር አክሰስ ፖይንት አድርጉ። ኬብሉ ፈጽሞ የማይሆን ከሆነ ብቻ ባለ ሁለት ባንድ ሪፒተር ግዙ።

ከቤት ነው የምትሠሩት። እዚህ ላይ አታመንቱ፤ ወደ ሥራ ጠረጴዛችሁ ኬብል ይምጣ። ስብሰባ መሃል መቆራረጥ የሚያስከፍላችሁ ዋጋ ከኬብሉ ይበልጣል። ላፕቶፑ የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ አለ።

ቤቱ ሰፊ ነው፣ ቴክኖሎጂ የሚነካ ሰው የለም። ባለ ሦስት ባንድ ሜሽ ይሁን። ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ከአፑ ላይ ሁሉም ይታያል። ለወላጆቻችሁ ቤት ከሆነ ከሩቅ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። እነሱን በስልክ «አረንጓዴ መብራት አለ?» እያላችሁ ከማስጨነቅ ትድናላችሁ።

ጌም የሚጫወት ሰው አለ። ጌም ብዙ ፍጥነት አይፈልግም። የሚፈልገው መዘግየቱ የማይዋዥቅ መስመር ነው። ኬብል፤ ካልሆነ በሙከራ ፓወርላይን። ሪፒተር በፍጹም።

ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ነው። ግድግዳው ሳይለሰን በየክፍሉ ቱቦና ካት 6 አስገቡ። ለቴሌቪዥኑ ቦታ ሁለት፣ ለጣሪያው መሃል አንድ አትርሱ። ያኔ ወጪው ትንሽ ነው፤ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል።

ራውተራችሁ አሮጌ ነው፣ ቤቱም ሩቅ ክፍል አለው። ራውተርና ሪፒተር ለየብቻ ከመግዛት ሁለት ዕቃ ያለው ሜሽ ይሻላል። የአሮጌውን ቦታም ይተካል።

## ከገጠማችሁ በኋላ

መጀመሪያ የለካችሁባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ እንደገና ለኩ። ሰዓቱም ተመሳሳይ ይሁን፤ ማታ ማታ መስመሩም ቻናሉም ይጨናነቃል።

ስልኩ ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለ የአይፒ አድራሻውን እዩ። ኮምፒውተር ላይ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን፣ ቀጥሎ የዋናውን ራውተር ዲኤችሲፒ ተመልከቱ። ኮኔክሽኑ ድንገት ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሁለት ራውተሮች አድራሻ እያደሉ እንዳይሆን አረጋግጡ። አሮጌ ራውተር ስትጨምሩ ዲኤችሲፒን የማጥፋቱ ሦስተኛ ደረጃ ከተዘለለ የሚመጣው ይህ ነው።

ድረ ገጹ ሁሉ ተከፍቶ ጌሙ ወይም ቪፒኤኑ (ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው) ብቻ እምቢ ካለ፣ የሜሹ ዋና ዕቃና የአገልግሎት ሰጪው ሞደም ሁለቱም የራውተር ሥራ እየሠሩ ይሆናል። ሜሹን አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ፣ ወይም ሞደሙን ብሪጅ ሞድ (የራውተር ሥራውን ትቶ መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍበት) ላይ አድርጉ፤ አንዱን ብቻ።

በኬብል የተገናኘው ኮምፒውተር 95 ሜጋቢት አካባቢ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ካለ ኬብሉን ቀይሩ። ውስጡ 8 ሽቦዎች አሉ። 1000 ሜጋቢት ለማለፍ ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ 100 ግን በአራቱ ይሄዳል። ከቀሩት አራቱ አንዷ ስትበጠስ ዕቃዎቹ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። ኬብሉ ደህና ከሆነ በመሃል ያለው ስዊች ወይም አሮጌው ራውተር ራሱ የ100 እንዳይሆን እዩ።

የዋይፋዩ ጥበቃ በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ላይ፣ አሮጌ ዕቃ ካላችሁ ደብሊውፒኤ2 (WPA2) ላይ ይሁን። የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከፋብሪካው ቀይሩ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ተጠቀሙበት፤ ካርቶኑንና ደረሰኙን እስከዚያ አትጣሉ። ቁጥሩ ካልተሻሻለ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ መልሱት።